በቀኝ ጆሮ

1

ሙሽራዋ ትስቃለች። የሁለቱም እጅ አንድ ቢላዋ ላይ ነው፤ ኬኩ ገና አልተቆረጠም። በግራ ጆሮዬ አዳራሹ ሙሉ እልል ይላል። በቀኝ ጆሮዬ፣ አጠገቤ እንደተቀመጠ ሰው ቀርቦ፣ አንድ ወንድ በዝግታ እንዲህ አለ፦

«ሳቂ። ካሜራው እያየሽ ነው።»

ሄድፎኑን አውልቄ ዞር አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ኪቦርዱ ላይ ያለውን አቧራ ሁሉ ታሳያለች።

መልሼ አጠለቅኩት።

2

መጀመር የነበረብኝ ከዚህ ቀደም ብዬ ነው። ግን ይህን ታሪክ ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ድምፅ ሌላውን ሁሉ ገፍቶ ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ ቁርጥራጩን በቁጥር አስቀምጥላችኋለሁ። ሌላ የምችለው ሥራ የለኝም።

ስሜ የምስራች ነው። ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ስቱዲዮው የጋሽ ኑርሁሴን ነው። እሳቸው ይቀርጻሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ የከተማውን ግማሽ ሕዝብ ሲበላ፣ ሲጨፍርና ሲያለቅስ አይቻለሁ። እነሱ ግን አያውቁኝም። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም ልላቸው እልና እተወዋለሁ።

የዚያ እሑድ ሙሽሮች ውብርስትና አስናቀ ነበሩ። እሷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች አክስቷ ናት ያሳደገቻት። እሱ ሰመራ ውስጥ የመንገድ ሥራ ካምፕ ላይ ፎርማን ነው፤ ቁመናው ያማረ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ሽማግሌ ሲያይ ብድግ የሚል። መልሱ በሚቀጥለው ቅዳሜ በአክስቷ ቤት ነው። ቪዲዮውም ለዚያ ቀን መድረስ አለበት። በማግስቱ እሑድ ባልና ሚስት ወደ ሰመራ ይሄዳሉ።

3

የካሜራ ቀረጻ ወደ ኮምፒውተር እንዲህ ይገባል፦

ካርዱን ከካሜራው አውጪና ኮምፒውተሩ ላይ ሰኪ። ከሁሉ በፊት ኮፒ አድርጊ፤ ኮፒው ማለቁን ሳታይ ካርዱን አትንኪ።

ፎልደር ክፈቺ። የሙሽሮቹን ስምና ቀኑን ጻፊበት።

ካሜራው ለእያንዳንዱ ቀረጻ ራሱ ቁጥር ይሰጣል፦ 00001፣ 00002 እያለ። ቁጥሩን አትቀይሪ። ፋይሉን ከቦታው ካነሳሽው ሶፍትዌሩ ያጣዋል፤ በምስሉ ፋንታ ቀይ ሰሌዳ ያመጣብሻል።

ከዚያ ሁሉንም ስሚ። ድምፁ በሁለት መስመር ነው የሚመጣው። በግራ በኩል የካሜራው የራሱ ማይክ አለ፤ አዳራሹን ይሰማል። በቀኝ በኩል ሙሽራው ኮት ላይ የምትሰካዋ ገመድ አልባ ማይክ አለች፤ እሱን ብቻ ትሰማለች። የምታስፈልገው ሙሽራው ንግግር ሲያደርግ ነው። ንግግሩ ሲያልቅ ትወልቃለች።

ያን እሑድ ጋሽ ኑርሁሴን ማውለቋን ረሱ።

4

ፋይል 00047
ርዝመት፦ 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ

ግራ፦ እልልታ። ጭብጨባ።

ቀኝ፦ ሳቂ። ካሜራው እያየሽ ነው።

ቀኝ (ሴት)፦ እጄን ልቀቀኝ፣ ያመኛል። የዚያን ቀኑ ራሱ ገና አልዳነም።

ቀኝ፦ ራስሽ ነሽ ያመጣሽው። ቤት ስንገባ እንነጋገራለን። ሳቂ አልኩሽ።

ግራ፦ ዘፈን። «ቁረጡ፣ ቁረጡ።»

ቀኝ፦ የእግር ኮቴ። በር ይዘጋል። ዘፈኑ ይርቃል።

ቀኝ (ሌላ ወንድ)፦ ሰው እያየ ነው አስናቀ፣ ቀስ በል እንጂ።

ቀኝ፦ እስከ መልሱ ነው። እሑድ ይዣት እወርዳለሁ። ስልኳንም መታወቂያዋንም እዚያ እቀበላታለሁ።

ቀኝ (ሌላ ወንድ)፦ አክስቷስ?

ቀኝ፦ አክስቷ ደሴ ናት። ካምፑ ውስጥ ብትጮህ ማን ይሰማታል? ያቺም ጮኻ ነበር።

ቀኝ፦ ኮቴ ይቆማል።

ቀኝ (ሌላ ወንድ)፦ ሁለተኛ ይህን እንዳታወራ።

ግራ፦ እልልታ።

ይህ ሁሉ ሲባል ካሜራው የሚያሳየው ሙሽራዋን ብቻ ነው። የኬክ ሰሃን ይዛ ብቻዋን ቆማለች። አሁንም ትስቃለች፤ አቁሚ ያላት የለም።

5

ያቺ።

6

ከምሳ በፊት ጋሽ ኑርሁሴን መጡ። ምንም ሳልናገር ሄድፎኑን ሰጠኋቸው። ቆመው መስማት ጀመሩ፤ ሲያልቅ ተቀምጠው ነበር።

ብዙ አወሩኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራቸው በዚያች ትንሽ ማይክ ያልሰሙት የለም። መጸዳጃ ቤት ገብቶ የሚያለቅስ አባት ሰምተዋል። የሌላ ሴት ስም እየጠራ የሚጸልይ ሙሽራ ሰምተዋል። ሁሉንም አጥፍተዋል። እኛ የሰው ሠርግ እንቀርጻለን እንጂ የሰው ቤት አንገባም አሉኝ። ይህ ሰውዬ የሚውልበትን አናውቅም፣ አንቺም እናት አለሽ፣ እኔም ልጆች አሉኝ አሉኝ። ከኬኩ በኋላ ያለውን በዘፈን ሸፍኚው ብለው አዘዙኝ።

«ያቺስ?» አልኳቸው።

የካሜራውን መክደኛ ሊገጥሙ ሞከሩ። እጃቸው ተንቀጠቀጠና አልገጥም አላቸው።*

* ጋሽ ኑርሁሴን ይህን አንብበው የመንቀጥቀጡን ነገር እንዳወጣው ጠይቀውኛል። መክደኛውን ተቀብዬ ልገጥመው ስሞክር እኔም እንዳቃተኝ ጨምሬ ልጽፍ ቃል ገባሁላቸው፤ እንዲያ ከሆነ ይቆይ አሉ።

7

ረቡዕ ጠዋት ስልክ ተደወለ። አስናቀ ነው። እንደምን አደርሽ አለኝ፣ ሥራውን ጠየቀኝ፣ ድካሜን አመሰገነ። ከዚያ እንደ ዋዛ፦

«ያቺ ትንሿ ማይክ ኮቱ ላይ ቆይታ ነበር መሰለኝ።»

ፋይሎቹን ገና አላየኋቸውም አልኩት።

«ገና?»

«ገና።»

ትንፋሹ ይሰማኛል፤ በስልኩም የመጣው በቀኝ ጆሮዬ ነበር። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከውብርስት ጋር እንመጣለን፣ አብረን እናያለን ብሎ ዘጋው።

ያን ቀን የፈራኋቸው ነገሮች፦

ደረጃው ላይ የሚሰማ ኮቴ ሁሉ።

እውነት ቢሆንስ።

ቀልድ ቢሆንስ፤ የወንዶች ቀልድ ቢሆንና የሰው ትዳር ባፈርስ።

ስልኬ ሲጠራ። ስልኬ ሳይጠራ ሲቆይ።

እናቴ «ምን ሆነሻል?» ብላ ብትጠይቀኝ የምመልሰው። ጠየቀችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት።

ምንም ባላደርግ። ይህ ከሁሉ ይበልጥ አስፈራኝ፤ ምክንያቱም በጣም ቀላል ነበር። አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

8

ለማን ነው የሚነገረው? ጥያቄው ይህ ነበር። የእሱን ዘመዶች ከእሷ ዘመዶች አልለይም። አንድ ቃል ለተሳሳተ ሰው ብናገር እሱ ጋ ይደርሳል።

ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ። 112 ፋይሎች አሉ፤ ሁሉንም እንደገና አየሁ። ሙሽሮቹን አይደለም፤ ከኋላቸው ያለውን ሰው። ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ካሜራውን ነው የሚያየው። ውብርስትን የሚያይ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ምስሎቹ በተራ በሚደረደሩበት መስመር፣ ታይምላይኑ ላይ፣ ቢጫ ምልክት አደረግኩ።

00009፦ የሙሽራዋ ቤት፣ ሆጤ። ከወፍጮ ቤት ፊት ለፊት አረንጓዴ የብረት በር። ሚዜዎቹ ካሜራውን ያያሉ። መነጽር ያደረጉ ሴትዮ በሩ ላይ ቆመው ውብርስትን ያያሉ።

00031፦ ቀለበት። አዳራሹ ያጨበጭባል። እኚያው ሴትዮ አያጨበጭቡም።

00047፦ ጥግ ላይ፣ ግማሽ ፊታቸው ብቻ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። የሚያዩት ቢላዋው ላይ ያለውን እጅ ነው።

00063፦ መድረክ መሪው ለምርቃት ይጠራቸዋል። «አሳዳጊዋ፣ አክስቷ፣ እትዬ ጥሩወርቅ።»

አራት ቢጫ ምልክት። ሁሉም አንድ ሰው ላይ።

9

ሐሙስ ወሰንኩ። መወሰን ስል፣ እጄ ከእኔ ቀድሞ ጀመረ።

አንዷን ፋይል ብቻ ይዤ ብሄድ ቆርጣ የቀጠለችው ነው ይባላል። ካርዱ እንዳለ፣ በተቀረጸበት ቅደም ተከተል መገኘት አለበት። ከቤት ያመጣሁት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነበረኝ፤ በጣም ዝግተኛ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሰካሁትና ኮፒ አስጀመርኩ። ለፎልደሩ «የተበላሸ የጥምቀት ቀረጻ» የሚል ስም ሰጠሁት። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ያልቃል ብዬ አሰብኩ።

12 በመቶ።

19 በመቶ።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ደረጃው ተሰማ። ሁለት ሰው ነው። አንደኛው ኮቴ ከባድ ነው፣ ሁለተኛው የተረከዝ ጫማ።

24 በመቶ።

የኮፒውን መስኮት ከስክሪኑ ላይ ደበቅኩት። ዲስኩ ጠረጴዛው ሥር ነው፤ ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ሻርፔን ከአንገቴ አውልቄ ጣልኩበት።

በሩ ተንኳኳ።

10

አስናቀ ወንበር ስቦ ከኋላዬ ተቀመጠ። ጉልበቱ ወንበሬን ይነካል። ውብርስት ከጎኔ ናት። እጅጌው ረዥም ሹራብ ለብሳለች፤ ያን ቀን ደሴ ሞቃት ነበር።

ስለ መግቢያው ተነጋገርን፣ ስለ ስም አጻጻፉ ተነጋገርን። ድምፄ እንደ ሁልጊዜው ነው ወይስ አይደለም እያልኩ ራሴን አዳምጣለሁ። ከዚያ ለዳንሱ ዘፈኑን ሙሽሪት ትምረጥ አልኩና ሄድፎኑን ራሷ ላይ አደረግኩላት።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሁለቱ ሲደንሱ ነው። ያጫወትኩት ድምፅ ግን የ00047ን የቀኝ መስመር ነው።

ይህን ስታነቡ ልክ አልሠራሽም ትሉኝ ይሆናል። ከኋላዋ ተቀምጦ እያለ ያን ማሰማት ጭካኔ ነው ትሉኝ ይሆናል። ከእሷ ጋር ብቻዬን የምሆንበት ሌላ ደቂቃ አልነበረኝም። ብቻዬን የሆንኩት በጆሮዋ ውስጥ ነው።

ፊቷን አየሁ። መጀመሪያ ቅንድቧ ተነሳ። ቀጥሎ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ቀኝ እጇ ብቻ ቀስ ብሎ ሄዶ የግራዋን አንጓ ያዘ።

«ረዥም ነው እንዴ?» አለ አስናቀ።

«ሦስት ደቂቃ ነው» አልኩ።

ውብርስት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «እስከ መጨረሻው ልስማው» አለች።

ሦስት ደቂቃ። ታች መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሰው ከሰው ጋር ይሳሳቃል። ከሻርፑ ሥር የዲስኩ ሞተር ይንሾካሾካል፤ እኔ እሰማዋለሁ፣ እሱ ይሰማው እንደሆነ አላውቅም። ውብርስት «ያቺም ጮኻ ነበር» የሚለው ላይ ስትደርስ አወቅኩ፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ሄድፎኑን አወለቀች።

«ይሄ ይሁን» አለችኝ። «እንዳታጠፊው።»

«እስቲ እኔም ልስማው» ብሎ አስናቀ እጁን ዘረጋ።

ሄድፎኑ ከእሷ እጅ ወደ እሱ እጅ፣ ከእጁ ወደ ራሱ እስኪደርስ ስንት ሰከንድ ነው? ሁለት። ድምፁን ወደ ዘፈኑ ልመልስ ጠቅ አደረግኩ። ትክክለኛውን መጫኔን አላውቅም ነበር።

አስናቀ አዳመጠ። ከዚያ ራሱን በምቱ ልክ መወዝወዝ ጀመረ።

«ያምራል» አለ።

11

ውብርስትን መኪና ውስጥ ጠብቂኝ ብሎ አወረዳት። ከዚያ በሩን ዘጋ።

አልጮኸም። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም። ማይኳ ላይ ከጓደኛው ጋር የተጫወተው የወንዶች ጨዋታ እንዳለ፣ ለቤተሰብ ጆሮ እንደማይሆን ነገረኝ። ከኬኩ ጀምሮ ያለው ሁሉ ይጥፋ አለ። አሁን፣ እሱ እያየ።

አጠፋሁ። 00047። 00048። 00049። ስልሳ ስድስት ፋይል። የኮምፒውተሩን ቆሻሻ መጣያም ባዶ አስደረገኝ። ታይምላይኑ ላይ ምስሎቹ አንድ በአንድ ወደ ቀይ ተለወጡ።

ቀይ።

ቀይ።

ቀይ።

«ሌላ ቦታ አለ?»

«የለም።»

ካርዱን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተ። በሩ ላይ ደርሶ ቆመ።

«የምስራች ደመቀ» አለ። የአባቴን ስም ነግሬው አላውቅም። «ከቧንቧ ውሃ ሰፈር በታች ነው አይደል ቤታችሁ? ያ ዳገት ለእናትሽ ይከብዳቸዋል። እንዳይወድቁ አደራ።»

ኮቴው ወርዶ እስኪያልቅ ቆጠርኩ። መኪናው እስኪነሳ ጠበቅኩ። ከዚያ ሻርፑን አነሳሁ። ኮፒው አልቆ ይሁን፣ ፋይሎቹን ስሰርዝ መሃል ላይ ተቋርጦ ይሁን የማውቀው ነገር የለም። ፎልደሩን ከፈትኩት። ዝርዝሩን ወደታች ወረድኩ። 00044። 00045። 00046።

አለ።

እስከ 112 ድረስ፣ ሁሉም አለ። ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

12

ዓርብ ጠዋት ሆጤ ወረድኩ። ወፍጮ ቤቱን ጠየቅኩ፤ አረንጓዴውን በር አገኘሁ። ከኋላዬ ሰው እየተከተለኝ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ዞሬ አየሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ለነገው ድግስ ሽንኩርት ከሚልጡት ሴቶች መሃል ተነስተው መኝታ ቤት አስገቡኝ። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሰሙ። አላለቀሱም። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉት፤ ጠርገው ሲጨርሱ እንደገና ጠረጉት።

ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ ነገሩኝ። ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት የውብርስት እጅ አብጦ መጥቷል። ወደቅኩ ብላቸዋለች። ጠርተው ጠይቀዋታል፤ የጥሪ ካርድ ተበትኗል እትዬ፣ ከሠርጉ በኋላ ጠባዩ ይሻላል ብላ ለምናቸዋለች። እሳቸውም ዝም ብለዋል።

«እኔ ያን ቀን ሳቋን አልነበረም የማየው» አሉ። «እጇን ነው።»

አሁን እሱ ቤት ናት፤ ስልኳን እሱ ነው የሚያነሳው። ሄደው ቢያወጧት ይነቃል፣ ዛሬውኑ ይዟት ይወርዳል። ከእጁ የምትወጣበት አንድ ሰዓት ብቻ አለ፤ ነገ፣ እዚሁ ቤት ስትገባ። ወንድማቸው ከጓሮ በር መኪና ያቆማል። ልብስ መቀየር አለባት፣ የጓሮው መንገድ ጠባብ ነው፣ ፖሊስ ጣቢያው ከከተማው ማዶ ነው። ይህን ሁሉ በጣታቸው እየቆጠሩ አሰቡ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ያንቺ ቪዲዮ ስንት ደቂቃ ነው?»

«ሃያ።»

«አርባ አድርጊው።»

13

ሃያ ደቂቃን አርባ ማድረግ እንዲህ ነው፦

ኬኩና ከዚያ በኋላ ያለው የለም፤ ጠፍቷል። ባለሽ ሥሪ።

እሱ ከመኪና ሲወርድ ያለውን በስሎው ሞሽን አዘግዪው። ኮቱን ሲቆልፍ። መነጽሩን ሲያወልቅ።

ጓደኞቹን አንድ በአንድ አስገቢ። የእያንዳንዳቸውን ስም ጻፊ፤ ስሙን የሚጠብቅ ሰው አይነሳም።

የእሱን ጭፈራ አትቁረጪ። ሰባት ደቂቃ ጨፍሯል፣ ሰባቱንም ተዪው።

መሃል ላይ፣ ሰው በሚሰለችበት ቦታ፣ የሟች አባቱን ፎቶ አስቀምጪ።

እሷን ቀንሺ። ሳታስታውቂ፣ ቀስ በቀስ ቀንሺ።

ከሠራኋቸው ሁሉ የከፋ ቪዲዮ ነው። አርባ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ጋሽ ኑርሁሴን መጥተው ከኋላዬ ቆመው አዩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። አባቱ በዘመድ ሠርግ ላይ የተቀረጹበት የድሮ ካሴት እሳቸው ጋ እንዳለ፣ ሁለት ደቂቃ እንደሚሆን ብቻ ነገሩኝ። አርባ አራት ሆነ።

14

ቅዳሜ። ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ሳሎን ገባ። እኔ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ሪሞቱን ይዤ ቆምኩ። ውብርስት ካባዋን ለብሳ ከአስናቀ ጎን ተቀምጣለች። አንድ ጊዜም አላየችኝም።

00፡00
ተጀመረ። እልልታ።

03፡40
እትዬ ጥሩወርቅ መጥተው ጎንበስ ብለው ለአስናቀ ነገሩት፦ ልብሷን ልቀይርላት። በትህትና ብድግ ብሎ አሳለፋቸው።

09፡15
ወንበሯ ባዶ ነው።

16፡00
አስናቀ ወንበሩን አየ። ሰዓቱን አየ። ስክሪኑ ላይ ኮቱን ይቆልፋል።

21፡30
አሁን ተነሳ። ጉልበቱ ሲዘረጋ አየሁት። ሪሞቱ ከላቤ የተነሳ ከእጄ ሊያመልጥ ነው። በዚያው ቅጽበት የአባቱ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ወጣ፤ ጎልማሳ ሆነው፣ በዘመድ ሠርግ ላይ ሙሽሮችን ይመርቃሉ። እናቱ ማልቀስ ጀመሩ። አስናቀ እንደቆመ ቀረ፣ ከዚያ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ አዘንኩለት። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

29፡00
ጭፈራው። ጓደኞቹ ትከሻውን ይዘው ያሳዩታል። የውብርስት አጎት መኪና ሲነሳ ከጓሮ በኩል ሰማሁ፤ ወይም የሰማሁ መሰለኝ።

38፡20
ስልኩን አወጣ። ደወለ። ስልኳ ከራሱ ኪስ ውስጥ ጠራ።

44፡02
ጥቁር።

«ውብርስትስ?» አለ።

«ሄዳለች» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል። «አትመለስም።»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነሳ። አጎቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ጥያቄዎች። እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሳሎኑን በዝግታ፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያለፈ ቃኘ። እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሪሞቱን ወደ ቴሌቪዥኑ እንደዘረጋሁ ነበርኩ።

ፈገግ አለልኝ።

15

የሆነው ይህ ነው። ውብርስት ያን ቀን ቃሏን ሰጠች። ሐኪም እጇን አየ፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሳይታከም ቆይቷል። አሁን ያለችበትን ቦታ አልጽፍም። በሰው ስልክ ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች። በሁለተኛው ማታ ማታ እንቅልፍ እየወሰዳት መሆኑን ነገረችኝ።

ያቺ ማን እንደሆነች እየተጣራ ነው። ስም ተገኝቷል ይባላል። ከስሙ ሌላ እስካሁን ምንም አልተገኘም።

አስናቀ ሰኞ ተያዘ፤ በሁለት ሳምንቱ በዋስ ወጣ። እኔና እናቴ በዚያው ሳምንት ቤት ቀየርን። የት እንደገባን ከጋሽ ኑርሁሴን በቀር የሚያውቅ የለም። እናቴ አዲሱን ሰፈር አልወደደችውም፤ ለምን እንደመጣን ግን ታውቃለች፣ አታማርርም።

መርማሪዋ ሃርድ ዲስኩን ተቀብላ ሰማችው። ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ ነገሩን ሳትሸፋፍን አስረዳችኝ። ድምፁ ብቻውን አይበቃም። ከካርዱ ላይ ያወረደው ማን ነው? ያስቀመጠው ማን ነው? ምንም እንዳልተቆረጠና እንዳልተጨመረ የሚያውቅ ሰው ቀርቦ ካልተናገረ፣ ተቀነባብሮ የተሠራ ነው ቢል የሚከለክለው የለም። ያ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ቃሌን ከሰጠሁ ግን ወረቀቱ ከነአድራሻዬ ለእሱ ጠበቃም ይደርሳል። ሕጉ እንዲህ ነው፣ አስቢበት አለችኝ።

አሰብኩበት። ይህን የጻፍኩት እያሰብኩ ነው።

16

ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ጣቢያው ሄድኩ። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስናቀ ተቀምጧል። ለዋስትናው ሊፈርም መጥቶ ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል። ሲያየኝ ብድግ ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ።

«እንደምን አደርሽ፣ የምስራች» አለኝ። «የድሮው ቤት ተከራይ ገብቶበታል አይደል? አልፌ አየሁት።»

መርማሪዋ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ወረቀቱን አቀረበችልኝ። በሩ ባለ መስታወት ነው፤ ከውጭ የቆመ ጥላው ይታየኛል። ብዕሩን አነሳሁ።

17

የምስክርነት ቃል መቀበያ ቅጽ

ሙሉ ስም፦ የምስራች ደመቀ

ዕድሜ፦ 31

ሥራ፦ ቪዲዮ አቀናባሪ

የሚመሰክሩበት ጉዳይ፦ 112ቱን ፋይሎች ከካርዱ ላይ ራሴ ስለማውረዴ፣ ምንም ስላለመቁረጤና ስላለመጨመሬ

አሁን የሚኖሩበት አድራሻ፦



ፊርማ፦